መውጣቱስ ይሁን፣ አወራረዱን ልንገራችሁ

ባለፈው እትም ስለ ሲያትል ኑሮዬ ስጽፍ፣ በረዶ የለበሰ እሳተ ገሞራ በእግሬ ወጥቼ በስኪ (እግር ላይ በሚታሰር የበረዶ ሸርተቴ) መውረዴን በሁለት መስመር ነካ አድርጌ አልፌ ነበር። ደብዳቤ የመጣው ግን በዚያችው ሁለት መስመር ላይ ነው። ከድሬም፣ ከሐረርም። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ የእናንተው ነው፤ የጠየቃችሁትን ባጭሩ እያስቀመጥኩ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። የድሬ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነኝ፣ 26 ዓመቴ ነው። ወንድሜ የሚኖረው ሲያትል ነው፣ ቪዛዬ ወጥቶልኛል፣ ሚያዝያ ላይ እሄዳለሁ። «ሴንት ሄለንስ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ፣ በስኪ ወጥተን በስኪ እንወርዳለን፣ አንቺ ሯጭ ስለሆንሽ አይከብድሽም» ይለኛል። እውነት ነው፣ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። በረዶ የማውቀው ግን ፍሪጅ ውስጥ ነው። እችላለሁ? ምን ልዘጋጅ? ደግሞስ ቢፈነዳ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ቪዛው ወጣልሽ። መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ። መውጣቱን ትችያለሽ። በስኪ መውረዱን ግን በመጀመሪያው ወርሽ አትችይም። ወንድምሽ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ለምዶታል፤ የለመደ ሰው ደግሞ የመጀመሪያ ቀኑን ይረሳል።

የደንገጎን መንገድ ታውቂዋለሽ። የጫነ አይሱዙ ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ ያጓራል፣ ይግላል፣ ሲብስበት ዳር ይዞ ይቆማል። ሹፌሩ የሚፈራው ግን ያንን አይደለም፤ የሚፈራው ቁልቁለቱን ነው፣ ፍሬን የሚነደው እዚያ ላይ ነውና። ተራራውም እንደዚሁ ነው። ስትወጪ የሚፈልግብሽ ሳንባና ጉልበት ነው፣ እሱ አለሽ። ስትወርጂ የሚፈልግብሽ ግን ጠንካራ በረዶ ላይ መቆም መቻል፣ በሁለቱም ጎን መታጠፍ መቻል፣ ፍጥነትሽን በፈለግሽበት ቦታ መግደል መቻል ነው። እሱን ሩጫ አያስተምርሽም።

ስለ ተራራው ትንሽ ልንገርሽ። ሴንት ሄለንስ ዋሽንግተን ግዛት ደቡቡ ላይ ነው ያለው፣ ከሲያትል በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ዛሬ ከፍታው 2,549 ሜትር ነው። ድሮ ወደ 2,950 ሜትር ነበር። ግንቦት 10 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ እሁድ ጠዋት 2:32 ላይ፣ ሰሜናዊ ጎኑ ተናደና ወዲያው ፈነዳ። 57 ሰው ሞተ። አናቱም 400 ሜትር ያህል ተቆረጠ። ስለዚህ አሁን የምትወጪው ሹል ጫፍ አይደለም። አንድ ጎኑ የተሰበረ ስኒ አስቢ፤ አንቺ በደቡብ በኩል ወጥተሽ የምትደርሺው ያልተሰበረው ጠርዝ ላይ ነው። ከጠርዙ ወደ ውስጥ ስታዪ መሐሉ ላይ ጉብታ አለ፣ ይጨሳል። ያ ጉብታ ከ1997 እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከውስጥ እየተገፋ ሲያድግ ነበር።

ይፈነዳል ወይ ላልሽው፣ ዙሪያውን መሣሪያ ተተክሎበት ቀን ከሌት ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ተራራ አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር አይነሳም። በ1972ም ከመፈንዳቱ ሁለት ወር አስቀድሞ ምድሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። በ1997 ሲያንሰራራም ለመውጣት ዘግተውት ሁለት ዓመት ገደማ ከርሟል። ስለዚህ ለእሳቱ ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። እዚያ ሰው የሚጎዳው በረዶው ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ወንድምሽ «ክረምት» ሲል የእኛን ሐምሌና ነሐሴ አይደለም የሚለው። የእነሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። አንቺ የምትደርሺበት ሚያዝያ ለእነሱ ጸደይ ነው፣ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለው ወቅት እሱ ነው። ለምን እንደሆነ ደግሞ መጀመሪያ ስለ በረዶ ማወቅ አለብሽ።

እኛ በረዶ የምንለው ብዙ ነገር ነው። ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ፣ ከሰማይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ። ተራራ ላይ ግን እንደ ሰዓቱ ይለያያል። በጸደይ ማለዳ ላይ እንደ መስታወት ነው። የጫማሽ ጫፍ አይገባበትም፣ ከወደቅሽ ትንሸራተቻለሽ፣ ማቆሚያ የለውም። ከጠዋቱ 4 እና 5 ሰዓት አካባቢ ጸሐይ ሲያርፍበት ላዩ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ይላላል። ያን ጊዜ በእጅሽ ብትዘግኚው እንደ ጥሬ ጨው ነው፤ ከአፋር የሚመጣው፣ ያልተፈጨው፣ ከጆንያ ላይ የሚፈሰው። ስኪ ለመውረድ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ላዩ ለስላሳ፣ ሥሩ ጠንካራ፣ ስኪው ይይዛል፣ ሲታጠፉም ይታዘዛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሥሩም ይቀልጥና እንደ ላላ ገንፎ ይሆናል። ጨው የሚሆንበት ጊዜ አጭር ነው፣ አንዳንድ ቀን ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። አወጣጥሽ ሁሉ የሚለካው ለዚያ ሰዓት ነው።

እኔ የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳሁም። አራት ሆነን ነበር። ከመኪና ማቆሚያው የተነሳነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ቡና ጠጥተን፣ ተጨዋውተን፣ ጊዜ ያለን መስሎን። ማቆሚያው 820 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እስከ ጠርዙ 1,700 ሜትር ወደ ላይ ይቀራል። ከድሬ እስከ ሐረር ያለው የከፍታ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተኩል ማለት ነው፣ በእግር፣ በአንድ ቀን። ጠርዙ ላይ ስንደርስ 10 ሰዓት ሆኗል። ደስታችን አምስት ደቂቃ አልቆየም። ስኪያችንን አስረን ስንነሳ በረዶው ገንፎ ነው። ስኪዬ ገብቶ ቀረ፣ ገላዬ ግን አልቀረም፤ ጉልበቴ ተጠመዘዘ። ከዚያ በላይ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። በእያንዳንዱ መታጠፊያችን ሥር በረዶው እየተቀረፈ፣ እንደ ማራገቢያ እየሰፋ፣ ሽሽሽ እያለ ወደ ታች ይሄዳል። እርጥብ ናዳ የሚጀምረው እንዲህ ነው። አንዳችንም አናውቅም ነበር። መኪናው ጋ የደረስነው በጨለማ ነው፣ እኔ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ተደግፌ።

በሁለተኛው ጊዜ ሌሊት ተነሳን። 150 ሜትር ያህል ሲቀረን ደመና ወርዶ ጫፉን ሸፈነው፣ ነፋሱም በረታ። ተመለስን። ያን ቀን ከአራታችን ሁለቱ ተኮራርፈው ነው የወረዱት። እኔ ግን እስከ ዛሬ በዚያ ቀን እኮራለሁ።

በሦስተኛው ተሳካ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በግንባር መብራት ተነሳን፣ ከጠዋቱ 4:30 ጠርዙ ላይ ነበርን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሰሜን ላይ ሬኒየር፣ ምሥራቅ ላይ አዳምስ፣ ደቡብ ላይ ሁድ፤ ሦስቱም ነጭ ለብሰው ቆመዋል፣ ሦስቱም እሳተ ገሞራ ናቸው። አንድ ሰዓት ያህል ጸሐይዋን ጠበቅናት። ላዩ ላላ ሲል ጀመርን። ድምፁን ብትሰሚው! ጨው ከጆንያ ሲፈስ ያለው ድምፅ ነው፣ ሻሻሻ፣ ሳይቋረጥ። ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጅተን የወጣነውን ከአንድ ሰዓት በትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ወረድነው። ታች ስደርስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ፊቴ ላይ ፈገግታው ደርቆ ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ ያንቺ ጉዞ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ ስኪ መማሪያ ቦታ ሂጂ። ሲያትል አካባቢ በመኪና አንድ ሁለት ሰዓት ርቀት ላይ ብዙ አለ። «ወንድሜ ያስተምረኝ» አትበይ፣ አስተማሪ ክፈይ፤ ወንድምና እህት በዚህ ነገር ይጣላሉ። በመጀመሪያው ቀን የስኪዎቹን አፍንጫ አቀራርበሽ፣ ጅራታቸውን ከፍተሽ ማቆም ትማሪያለሽ፣ «ፒዛ» ይሉታል፣ ቅርጹ የፒዛ ቁራጭ ስለሚመስል። ከዚያ መታጠፍ። ዳገታማ ቦታ ላይ፣ ጠንካራ በረዶ ላይ፣ ሳትወድቂ በሁለቱም ጎን መታጠፍ ስትችዪ ያን ጊዜ ስለ ተራራው እናወራለን። ለአብዛኛው ሰው አንድ ሙሉ የበረዶ ወቅት ይፈጃል።

ሴንት ሄለንስን ግን በዚሁ ጉዞሽ በእግርሽ መውጣት ትችያለሽ። ብዙ ሰው የሚያደርገው እንደዚያ ነው። ጫማሽ ላይ የብረት ጥርስ ታስሪያለሽ፣ ክራምፖን ይባላል፣ በእጅሽ የበረዶ መጥረቢያ ትይዣለሽ። ከመሄድሽ በፊት ታች ትንሽ ዳገት ላይ፣ ሥሩ ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልገሽ፣ ሆን ብለሽ እየወደቅሽ በመጥረቢያው ማቆም ተለማመጂ፤ ተገልብጠሽ በሆድሽ ተኝተሽ ሹሉን በረዶው ውስጥ በክብደትሽ መጫን ነው። አስር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ሲወርዱ ሰዎች በመቀመጫቸው ሲንሸራተቱ ታያለሽ። ደስ ይላል። አንቺም ተንሸራተቺ፣ ግን ክራምፖኑን መጀመሪያ አውልቂ። ጥርሱ በረዶው ላይ ከያዘ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።

ጠርዙ ላይ ስትደርሺ ደግሞ አደራ። ነፋሱ በረዶውን ወደ ጉድጓዱ በኩል እየገፋ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ከንፈር ይሠራል። ከላይ ሆነሽ ስታዪው ጠንካራ መሬት ይመስላል፣ ሥሩ ግን ባዶ አየር ነው። በየካቲት 2002 ዓ.ም. ይህን ተራራ ብዙ ጊዜ የወጣ ሰው ፎቶ ሊነሳ ብሎ ሲቆም ከንፈሩ ተሰብሮ ይዞት ወደ ጉድጓዱ ገብቷል፣ ሕይወቱም አልተረፈም። ሌሎች የቆሙበት ዱካ አለ ብለሽ አትጠጊ። ወደ ውስጥ ለማየት የምትችዪበት፣ ድንጋዩ ከበረዶው የወጣበት ቦታ ካለ እሱን ምረጪ፣ ከሌለ ይቅርብሽ።

ስለ ናዳ ባጭሩ። ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ዳገት ላይ ነው፣ ስኪ ደስ የሚለውም እዚያው ላይ ነው፣ ችግሩ ይሄ ነው። የየቀኑን የናዳ ትንበያ በነጻ የሚያወጣ ተቋም አለ፣ ወንድምሽ ያውቀዋል፣ ሳታነቡ አትነሱ። እያንዳንዳችሁ ሦስት ነገር ያዙ፤ ምልክት የሚልክና የሚቀበል ትንሽ ሬዲዮ፣ በረዶ የሚወጋ ረጅም ዘንግ፣ አካፋ። ናዳ የቀበረው ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ በጣም ይወርዳል። ደውለሽ የምትጠሪው ሰው በዚያ ጊዜ አይደርስም፤ የሚያወጣሽ አጠገብሽ ያለው ነው።

የተቀረውን ቶሎ ልበለው። ዕቃ አትግዢ፣ ተከራዪ። ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሞቃቱ ወራት በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር ስለሚገደብ ወንድምሽ አስቀድሞ ይያዝ። መነጽርና የጸሐይ ክሬም ቀልድ እንዳይመስልሽ። አዲስ በረዶ የጸሐዩን ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ወደ ላይ ይረጨዋል፣ ስለዚህ አገጭሽን ከሥር፣ አፍንጫሽን ከውስጥ ሁሉ ያቃጥላል። «የድሬ ጸሐይ ያሳደገኝ ምን ይሆናል» ብዬ መነጽሬን ያወለቅኩ ቀን ማታ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ሲቆረቁረኝ አድሯል።

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ሰዓት ቁረጡ። «ቀን 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንዞራለን» ተባባሉ፣ ታች፣ መኪናው ጋ፣ ሳይደክማችሁ። ላይ ከደረሱ በኋላ ጫፉ ቅርብ ይመስላል፣ ልብ ያታልላል። ያንቺ ወንድም በዚህ ካልተስማማ ከእሱ ጋር አትውጪ።

ጥያቄ፦ የምጽፍልህ ከሐረር፣ ከሸዋ በር ነው። የመጀመሪያ ልጄ ፖርትላንድ ይኖራል። ሁድ የሚባል ተራራ ላይ ሌሊት ወጥቶ በበረዶ ሸርተቴ ሊወርድ ነው አሉ። ፎቶውን ሳይ ልቤ ቆመ። እንዳይሄድ ልምለው ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ እናቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። አይማሉት። ቢምሉት ሳይነግርዎት ይሄዳል፣ ያኔ ደግሞ የሚጠይቀው ሰው የለም። ይልቅ እንደሚያውቅ ሰው ይጠይቁት። ከማን ጋር ነው የምትሄደው? ስንት ሰዓት ትነሳለህ? ስንት ሰዓት ትዞራለህ? የናዳውን ትንበያ አይተሃል? እናቱ ይህን ከጠየቀችው ልጅ መልስ ሳያዘጋጅ አይነሳም።

ሌሊት መውጣቱ አያስደንግጥዎት፣ ጥሩ ምልክት ነው። ሁድ 3,429 ሜትር ነው። ጸሐይ ሲመታው ከላይ ካለው ቋጥኝ ላይ የተጣበቀው በረዶና ድንጋይ ይለቅቃል፣ በሰው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የሚያውቁት ሰዎች እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነስተው ማለዳ ላይ ጫፉን ይጨርሳሉ። አንድ ነገር ግን ንገሩት። ሁድ ዛሬም የሚተነፍስ እሳተ ገሞራ ነው። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጭስ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሽታው እንደተበላሸ እንቁላል ነው። ሙቀቱ በረዶውን ከሥር እየበላ ጉድጓድ ይሠራል፣ መጥፎው ጋዝ ደግሞ እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል። ሞቅ ያለ ስለሆነ ሰው ለማረፍ ይጠጋዋል። እንዳይጠጋ፣ እዚያ እንዳይቀመጥ።

ሰዓቱንም ላስላልዎ። በሚያዝያና በግንቦት ፖርትላንድ ከእኛ በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እሱ እኩለ ሌሊት ላይ ሲነሳ ሐረር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። እርስዎ ምሳ ሠርተው፣ ከሰዓት ቡና አፍልተው፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እሱ ጫፉ አካባቢ ይሆናል። ሁሉ ከተሳካ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ስልክ ይደውላል። «ወርጄ መኪና ውስጥ ስገባ እደውላለሁ» ብሎ ቃል ይግባልዎ። ከጫፍ እንዳይደውል ይንገሩት፤ እዚያ ላይ ጓንት አውልቆ ስልክ መጎርጎር አያስፈልገውም፣ የእርስዎም ልብ የሚያርፈው ሲወርድ ነው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ድሬዳዋ። እሳተ ገሞራ ውስጡ እሳት ከሆነ በረዶው ለምን አይቀልጥም? የእኛ ኤርታሌስ ለምን በረዶ የለውም?

መልስ፦ ጎበዝ። ድንጋይ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። የቀለጠው ነገር ከሥር ኪሎሜትሮች ርቆ ሊሆን ይችላል፣ በመካከሉ ያለው ቋጥኝ እንደ ወፍራም የሸክላ ምጣድ... እንዲያውም ከምጣድ በላይ ነው፣ ምጣድስ ይሞቃል። ላዩ ላይ የሚወስነው አየሩ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመርክ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። አንተ ራስህ ታውቀዋለህ፣ ከድሬ ሐረር ስትሄድ ደንገጎ ላይ መስኮት ትዘጋለህ። ኤርታሌ ግን ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው፣ ያለውም ከዓለም በጣም ሞቃት ቦታዎች አንዱ ላይ ነው። በረዶ ከየት ይመጣል?

ቅዝቃዜ ብቻውንም አይበቃም፣ እርጥበት ይፈልጋል። ሴንት ሄለንስና ሁድ ያሉበት ሰንሰለት ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣውን ደመና ፊት ለፊት ይቀበላል። ቤከር ከሚባለው የዚያው ሰንሰለት እሳተ ገሞራ አጠገብ ያለ የስኪ ቦታ በ1998 እና 1999 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው አንድ ወቅት 28.96 ሜትር በረዶ ወርዶበታል። ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ በለው። የእኛ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ አልፎ አልፎ ነጭ ሲለብስ ይታያል፣ ግን አይቆይለትም፤ ከምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጸሐይዋ በአናት ነው የምትመጣው። ኪሊማንጃሮ እሳተ ገሞራ ነው፣ 5,895 ሜትር ስለሆነ አናቱ ላይ እስከ ዛሬ በረዶ አለ፣ እሱም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው።

እሳቱና በረዶው ከተገናኙ ግን መዘዙ ከባድ ነው። ኅዳር 1978 ዓ.ም. ኮሎምቢያ ውስጥ ኔቫዶ ዴል ሩዊዝ የሚባል ተራራ ፈነዳ። ፍንዳታው ትልቅ የሚባል አልነበረም። አናቱ ላይ ያለውን በረዶ አቀለጠ፣ ውኃው አመድና ድንጋይ ይዞ በወንዙ መንገድ ወረደ፣ በሌሊት አርሜሮ የምትባል ከተማን አጠፋት። ከ20,000 በላይ ሰው ሞተ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ላይ የድሬው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሲመጣ ያየ ጎረቤት ካለህ ጠይቀው። ዝናቡ የጣለው ላይኛው ተራራ ላይ ነው፣ ጎርፉ የመጣው ግን የተኛ ሰው ቤት ነው። ተራራ አጠገብ የሚኖር ሰው ወንዙን ወደ ላይ ተከትሎ ማየት አለበት የምልህ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሐረር ልጅ ነኝ። ኢትዮጵያዊ በስኪ የታወቀ አለ? እዚሁ ሆኜስ መለማመድ እችላለሁ?

መልስ፦ አለ እንጂ! ሮቤል ተክለማርያም። አዲስ አበባ ነው የተወለደው። በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ፣ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል፣ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። የእሱ ውድድር አገር አቋራጭ ስኪ ነው፣ 15 ኪሎሜትር። ሰንደቃችን በረዶ መሐል ሲያልፍ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ለተራራ የምንጠቀምበት ስኪ ከዚያ ይለያል። ሰፋና ከበድ ያለ ነው፣ ማሰሪያውም ሁለት ጠባይ አለው። ስትወጣ ተረከዝህ ይለቀቃል፣ ትራመዳለህ። ስትወርድ ተረከዝህ ይቆለፋል። «ዳገት ላይ ወደ ኋላ አይንሸራተትም ወይ?» ብለው ብዙዎች ጠይቀውኛል። ሥሩ ላይ የሚለጠፍ ረጅም ጨርቅ አለ፣ ስኪን ይባላል፣ ከአንጎራ ፍየል ጠጉር ወይም ከናይለን የተሠራ ነው። የድመት ጀርባ ዳብስ። ወደ ጅራቷ ስትሄድ ይለሰልሳል፣ ወደ ራሷ ስትመለስ ይቆማል። እንደዚያ ነው፤ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ይይዛል። ጫፍ ስትደርስ ቀርፈህ አጥፈህ ደረትህ ውስጥ ትከተዋለህ፣ እዚያ ካልከተትከው ሙጫው ይቀዘቅዝና መልሶ አይጣበቅም።

ልምምዱን ሐረር ሆነህ መጀመር ትችላለህ። ጋራ ሙለታ 3,381 ሜትር ነው፣ ከሴንት ሄለንስ በ800 ሜትር ይበልጣል። ቁንዱዶም አለልህ። ሸክም ይዘህ ውጣ፣ ግን አወራረድህ ላይ ትኩረት አድርግ፤ ቀስ ብለህ፣ ጉልበትህን ለስለስ አድርገህ፣ ሳትሮጥ። በማግሥቱ ጭንህ ፊት ለፊቱ ሲያምህ፣ ስኪ የሚሠራበት ጡንቻ እሱ ነው። የአካባቢውን ሰው ሳታማክር፣ መንገድ የሚያውቅ ሳትይዝ አትሂድ።

ጥያቄ፦ (ከገንደ ቆሬ፣ ባጭሩ) አናቱ ላይ ምን በላህ?

መልስ፦ በሶ። የተዘጋጀው የፋብሪካ ጣፋጭ ሁሉ ቅዝቃዜው ላይ እንደ ድንጋይ ሆኖ ጥርስ ይሰብራል። በሶ በስኳርና በትንሽ ጨው በጠርሙስ ውስጥ በጥብጬ፣ እንዳይቀዘቅዝ ጃኬቴ ውስጥ አድርጌ ነበር የወጣሁት። በፔርሙዝ ደግሞ ቁጢ ይዤ ነበር፣ የቡና ቅጠሉን እናቴ ከሐረር ልካልኝ፣ በወተት አፍልቼው። ክዳኑ ላይ ቀዳሁና አብረውኝ ለነበሩት ሦስቱ አዞርኩላቸው። አንዱ፣ የዚያው አገር ልጅ ነው፣ ጨው እንዳለበት ሲቀምስ ፊቱን አጨማደደ። ወዲያው ደግሞ ክዳኑን ዘረጋልኝ፣ ድገመኝ ብሎ።